በደሴ አንድ ሱቅ ያለው ነጋዴ ተበድሮ ሦስት ቅርንጫፍ ይክፈት?

ጥያቄ፦ «ደሴ ፒያሳ ከታላቅ ወንድሜ ጋር የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ አለን። ቲቪ፣ ፍሪጅ፣ ልብስ ማጠቢያ፣ ሪሲቨር፣ ሞባይል እንሸጣለን። ሱቁ ውስጥ ወደ 3 ሚሊዮን ብር የሚጠጋ ዕቃ አለ። አሁን 4 ሚሊዮን ብር ተበድረን ኮምቦልቻ፣ ሐይቅና ወልዲያ ላይ ቅርንጫፍ ለመክፈት አስበናል። ሐሳባችን እንደ አሜሪካው የኤሌክትሮኒክስ ሰንሰለት ሱቅ (ባለ ብዙ ቅርንጫፍ) እንደ ቤስት ባይ መሆን ነው። ሱቅ ሲበዛ በጅምላ በርካሽ እናነሳለን፣ ቲቪ ከሁሉም አሳንሰን እንሸጣለን፣ ትርፉን ከብዛቱ እናገኘዋለን። ወንድሜ ግን ሰው ሁሉ በቴሌግራም እየገዛ ስለሆነ ሱቅ ጊዜው አልፎበታል ይላል። ማናችን ነን ትክክል?»

ምላሽ፦

ሁለታችሁም ልክ አይደላችሁም። ሱቅ ጊዜው አላለፈበትም። በብድር ሦስት ቅርንጫፍ መክፈት ግን አሁን ያላችሁን ሱቅ ጭምር ይዞ ሊወድቅ ይችላል። ብድሩን ለዚህ ሥራ አትውሰዱት። ምክንያቱን ለማስረዳት ከቤስት ባይ ልጀምር፤ ስለ እሱ የያዛችሁት ግምት ከእውነቱ ይለያል።

ቤስት ባይ ሪቻርድ ሹልዝ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1966 ሚኒሶታ ውስጥ፣ ሴንት ፖል ከተማ ላይ በሌላ ስም የከፈተው የስቴሪዮ ሱቅ ነበር። የዛሬውን ስሙን ያገኘው በ1983 ነው። አሁን በዓመት ከ40 ቢሊዮን ዶላር በላይ ይሸጣል። ይህ ሁሉ ሽያጭ ግን ምን ያህል ይተርፈዋል? እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 መጀመሪያ የተዘጋውን የሒሳብ ዓመቱን እንይ። 43.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሸጦ የተጣራ ትርፉ 1.2 ቢሊዮን ገደማ ነበር። ከ100 ዶላር ሽያጭ 3 ዶላር እንኳ አልሞላም። በመግዣና በመሸጫ መካከል የቀረው 22 ዶላር ያህል ነበር፤ እሱንም ደመወዝ፣ ኪራይ፣ ማጓጓዣና ማስታወቂያ በሉት።

ያ 22 ዶላር ደግሞ ከሁሉም ዕቃ እኩል አይመጣም። ቲቪና ላፕቶፕ ዋጋቸውን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፣ ሁሉም ሱቅ ይሸጣቸዋል፣ ስለዚህ ትርፋቸው ስስ ነው። ወፍራሙ ትርፍ ያለው በዙሪያቸው ነው፤ በገመዱ፣ በማንጠልጠያው፣ በጆሮ ማዳመጫው፣ በገጠማው፣ በጥገናው፣ በተጨማሪ ዋስትናው። ቲቪው ደንበኛውን በር ያስገባል። ቲቪ ከሁሉም አሳንሶ መሸጥን ብቻ ዕቅድ ያደረገ ሱቅ ከዚህ ሥራ ከባዱን ክፍል ወስዶ የሚያኖረውን ክፍል ትቶታል።

እዚሁ ደሴ ያየሁትን አንድ ሽያጭ ላሳያችሁ። እናትና ልጅ ከሐይቅ መጥተዋል። 43 ኢንች ቲቪ ነው የሚፈልጉት። ሻጩ ካርቶኑን ከፍቶ ሰካው፣ ስክሪኑ ላይ ነጥብ አለመኖሩን አሳያቸው፣ ሪሞቱን ሞከረ። ከዚያ ክርክሩ ተጀመረ። እናትየው ወጡ፣ ተመለሱ፣ እንደገና ወጡ። በመጨረሻ ተስማሙ። ሻጩ ቲቪውን መልሶ አሽጎ ባጃጅ ላይ ጫነላቸውና ተሰነባበቱ። ልጁ ግን በቀጥታ ወደ መናኸሪያ አልሄደም። ጎን ካለው ሱቅ ገብቶ የግድግዳ ማንጠልጠያ፣ ስታቢላይዘርና ኤችዲኤምአይ ገመድ ገዛ። በዋጋው ብዙም አልተከራከረም፤ የማንጠልጠያ ዋጋ ስንት እንደሆነ ማን ያውቃል?

ሒሳቡን ለምሳሌ ያህል እንሥራው። ቲቪው 41,000 ብር ተገዝቶ 43,000 ተሸጠ እንበል። ትርፉ 2,000 ብር ነው። ማንጠልጠያው 900 ተገዝቶ 1,500፣ ስታቢላይዘሩ 2,600 ተገዝቶ 3,400፣ ገመዱ 200 ተገዝቶ 450 ይሸጣል። ቤት ድረስ ሄዶ ለመግጠም 1,000 ብር ቢጠየቅና 400ው ለቴክኒሻኑ ቢሰጥ 600 ይቀራል። ሲደመር 2,250 ብር ነው። ከቲቪው ይበልጣል። ቲቪውን ለመሸጥ አንድ ሰዓት ተደክሟል፤ ይሄኛው ግን ማንም ሳይጠይቃቸው ከእጃቸው ወጣ። እናንተ ሱቅ ውስጥ ይህ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚሆን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ይቁጠረው። ቅርንጫፍ ከማሰብ በፊት የሚሠራ ሥራ ይሄ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ይህን ስል ደንበኛ ላይ የማያስፈልገውን ጫኑበት ማለቴ አይደለም። መብራቱ ከፍ ዝቅ በሚልበት አካባቢ ስታቢላይዘር በእርግጥ ያስፈልጋል፣ በተለይ ለፍሪጅ። ነገር ግን ትክክለኛውን ስጡ። የፍሪጅ ኮምፕረሰር ሲነሳ የሚስበው ኃይል በሥራ ላይ ከሚስበው ብዙ እጥፍ ነው። ለቲቪ የሚበቃ ትንሽ ስታቢላይዘር ለፍሪጅ ከሸጣችሁ ስታቢላይዘሩ ይቃጠላል፣ አልያም ፍሪጁ አልነሳ ይላል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ አዘግይቶ የሚለቅ ዓይነት ለፍሪጅ ይመረጣል፤ ኮምፕረሰሩ ወዲያው ሲነሳ ይጎዳልና። ይህን ለደንበኛው ማስረዳት የሚችል ሻጭ ካላችሁ ያ ሰው ከአንድ ቅርንጫፍ ይሻላችኋል።

ሁለተኛው የተሳሳተ ግምት መደርደሪያው ላይ ያለው ገንዘብ የማን ነው በሚለው ላይ ነው። ብዙ ሰው ትልቅ ሰንሰለት ማለት ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ብዙ ዕቃ የገዛ ይመስለዋል። ቅድም ባነሳሁት የሒሳብ ዓመት መጨረሻ ቤስት ባይ ወደ 5 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ዕቃ ነበረው። ለአቅራቢዎቹ ገና ያልከፈለው ደግሞ 4.6 ቢሊዮን ገደማ ነበር። አብዛኛው ዕቃ የቆመው በአቅራቢዎቹ ገንዘብ ነው ማለት ነው። ዕቃውን ዛሬ ይረከባል፣ ይሸጣል፣ ገንዘቡን ይሰበስባል፣ ከዚያ ይከፍላል። ሱቅ በጨመረ ቁጥር የራሱ ገንዘብ በዚያው ልክ አይታሰርም።

የእናንተ ሁኔታ ተቃራኒው ነው። መርካቶ ሄዳችሁ የምታነሱት በእጅ በእጅ ነው። ቢበዛ ከሚያውቃችሁ ጅምላ ሻጭ ጥቂት ቀን ታገኙ ይሆናል። ስለዚህ እያንዳንዱ አዲስ መደርደሪያ በራሳችሁ ብር ወይም በባንክ ብር ነው የሚሞላው። በዚህ ላይ ልዩነት የሚያመጣው ገንዘቡ በዓመት ስንት ጊዜ ይዞራል የሚለው ነው።

አሁን ያላችሁ 3 ሚሊዮን ብር በየሁለት ወሩ ተሸጦ ያልቃል እንበል። በዓመት 6 ዙር ነው። በእያንዳንዱ ዙር ከገዛችሁበት ላይ 8 በመቶ ብታገኙ በዓመት 1,440,000 ብር ይሆናል። አሁን 4 ሚሊዮኑን ጨምራችሁ 7 ሚሊዮኑን ለአራት ሱቅ አከፋፈላችሁት። አራቱም ሱቅ ማሳያ ይፈልጋል። አራቱም ጋ 65 ኢንቹ መቆም አለበት፣ አራቱም ጋ ትልቁም ትንሹም ፍሪጅ መኖር አለበት። ሐይቅ ላይ ያለው 65 ኢንች ግን በብዙ ወር አንዴ ቢሸጥ ነው። ስለዚህ ዙሩ ይቀንሳል። ወደ 3 ወረደ እንበል። 7 ሚሊዮን በ8 በመቶ፣ በ3 ዙር፣ 1,680,000 ብር ነው። የጨመረው 240,000 ብር ብቻ። የባንኩ ወለድ 18 በመቶ ቢሆን በ4 ሚሊዮን ላይ በዓመት 720,000 ብር ነው። ገና የሦስት ሱቅ ኪራይ፣ የሻጮች ደመወዝ፣ የጥበቃ፣ የማጓጓዣ አልተነሳም። ቁጥሮቹን በራሳችሁ ደብተር ቀይሯቸው። ዙሩ ካልወረደ በቀር ወለዱን መሸፈን እንኳ የሚከብድ ሥራ መሆኑን ታዩታላችሁ፤ ዙሩ ደግሞ መጀመሪያው ዓመት ላይ መውረዱ አይቀርም።

«ሱቅ ሲበዛ በርካሽ እናነሳለን» ያላችሁትስ? ጅምላ ሻጩ ቅናሽ የሚሰጠው ስንት ታፔላ እንደሰቀላችሁ ቆጥሮ አይደለም። በአንድ ጊዜ ስንት ካርቶን ታነሳላችሁ፣ ገንዘቡስ መቼ ይገባል፣ እነዚህን ነው የሚያየው። ወሎ ውስጥ አራት ሱቅ ያለው ነጋዴም ከአስመጪ የሚገዛ ቸርቻሪ ነው፤ አስመጪ አይሆንም። ከደሴ ካሉ ሦስት አራት ነጋዴዎች ጋር ሆናችሁ አንድ ላይ ብታነሱ፣ አንድ ኤፍኤስአር የጭነት መኪና ተካፍላችሁ ብትጭኑ፣ ያንኑ ቅናሽ ያለ አዲስ ኪራይ ታገኙታላችሁ። ይህን የሚሠሩ አሉ።

ከነጋዴዎች ጋር ስነጋገር ሁልጊዜ የሚመጣ ክርክር ስላለ እዚህ ልመልሰው። «ዕቃ ሲተኛ ይወደዳል እንጂ ምን ይሆናል?» ይላሉ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ ዶላር በገበያ እንዲመራ ሲወሰን፣ ይህ አባባል ብዙ ሰው አሳምኗል። ከውሳኔው በፊት በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በአጭር ጊዜ ከ100 ብር አልፏል። ያኔ ዕቃ የነበረው ሰው አተረፍኩ አለ። ግን ያንን ቲቪ ሸጦ ሌላ ሲያነሳ በአዲሱ ዋጋ ነው የሚያነሳው። ብሩ በዛ፣ ካርቶኑ ግን አልበዛም። ብዙዎቹ በአሮጌ ዋጋ ሸጠው ሲመለሱ በአሥር ቲቪ ገንዘብ ስድስት ሰባት ብቻ ይዘው መጥተዋል። በዚያ ላይ የሞባይል ሞዴል በየዓመቱ ይቀየራል፤ የአምናው ስልክ ብር ቢረክስም እሱ አብሮ ይረክሳል። በብድር የተኛ ዕቃ ደግሞ በየወሩ ወለድ ይቆጥራል። የመሸጫ ዋጋችሁን በገዛችሁበት ዋጋ ብቻ አትተምኑ። ዛሬ መርካቶ ብትሄዱ ስንት ታነሱታላችሁ የሚለውን በየሳምንቱ ደውላችሁ አጣሩና በእሱ አስሉ።

ሰንሰለት ሱቅ እንዴት እንደሚወድቅ ማወቅ ከፈለጋችሁ ሌላውን የአሜሪካ ኤሌክትሮኒክስ ሻጭ ሰርኪዩት ሲቲን እዩ። እ.ኤ.አ. በ1949 ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ሪችመንድ ከተማ ላይ የተጀመረ ድርጅት ነበር። አንድ ጊዜ ከቤስት ባይ ይበልጥ ነበር። በ2000 ፍሪጅና ልብስ ማጠቢያ መሸጥ አቆመ፤ ሰው ቤት ሲሠራ የሚገዛቸውን ዕቃዎች ለተፎካካሪዎቹ ለቀቀ። በመጋቢት 2007 ደግሞ ደመወዛቸው ከፍ ያለ ነው ብሎ 3,400 ያህል የሱቅ ሠራተኞቹን አሰናበተ። ደመወዛቸው ከፍ ያለው ልምድ ስለነበራቸው ነው። ደንበኛውን ቁጭ አድርጎ የሚያስረዳው ሰው ሄደ፣ ሽያጩም አብሮ ወረደ። በመጨረሻ አቅራቢዎች ተጠራጠሩ። ዕቃ በዱቤ ይሰጡ የነበሩት እጅ በእጅ ክፈሉ አሉ። በኅዳር 2008 ከአበዳሪዎቹ ከለላ ለመጠየቅ ፍርድ ቤት ገባ፤ በመጋቢት 2009 የቀሩት 567 ሱቆቹ ተዘጉ። ከ30,000 በላይ ሰው ሥራ አጣ።

567 ሱቅ ነበረው። የሱቅ ብዛት አላዳነውም። አቅራቢው እምነት ሲያጣ እያንዳንዱ ሱቅ ኪራይ የሚጠይቅ አፍ ሆነበት። ዋጋው ከባድ የሆነውን ልምድ ያለው ሻጭ ማሰናበትም በሁሉም አገር አንድ ዓይነት ውጤት አለው። እናንተ ቅርንጫፍ ስትከፍቱ ወንድምየው ወልዲያ ይሄዳል፣ አንዳችሁ ኮምቦልቻ ትውላላችሁ፣ ደሴ ላይ ደንበኛ የሚያውቀው ፊት ይጠፋል። ይህን አስባችሁታል?

ቤስት ባይ ራሱም ሞዴሉን ይዞ ሌላ አገር ሲሄድ ሁልጊዜ አልተሳካለትም። ቻይና ውስጥ በስሙ የከፈታቸውን ዘጠኝ ሱቆች እ.ኤ.አ. በ2011 ዘጋ። እዚያ የለመደው የአገሬው አሠራር ሱቁ ቦታውን ለአምራቾች ማከራየት፣ አምራቹም የራሱን ሻጭ ማቆም ነበር። እንግሊዝ ውስጥ የከፈታቸውን 11 ትልልቅ ሱቆችም በዚያው ሰሞን ዘግቶ ወጣ። ስለዚህ የሚኒሶታን አሠራር እንዳለ ወደ ወሎ ማምጣት አይሆንም። መምረጥ ያስፈልጋል።

የቴሌግራሙን ነገር በተመለከተ፣ ወንድምህ የሚያየው ስጋት እውነተኛ ነው፤ መደምደሚያው ግን ትክክል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 ላይ ሰው ቤስት ባይ ሱቅ መጥቶ ዕቃውን ዓይቶ፣ ነክቶ፣ ከዚያ በስልኩ ከኢንተርኔት ሻጩ ከአማዞን ያዝዝ ነበር። ሁሉም ቤስት ባይ ያበቃለታል ብሎ ነበር። በዚያው ዓመት ሁበርት ጆሊ ኃላፊ ሆኖ መጣ። ሱቆቹን አልዘጋም። ዋጋ ከኢንተርኔቱ ጋር እናስተካክላለን አለ። ሱቆቹን ለኢንተርኔት ትዕዛዝ መላኪያ መጋዘን አደረጋቸው፤ ዕቃው ከሩቅ መጋዘን ሳይሆን ከደንበኛው ሠፈር ካለው ሱቅ መሄድ ጀመረ። እንደ ሳምሰንግና ማይክሮሶፍት ያሉ ድርጅቶች ሱቁ ውስጥ የራሳቸው ማሳያ እንዲኖራቸው አደረገ።

ከዚህ የእናንተ የሚሆነው ይሄ ነው። አዲስ አበባ ያለ የቴሌግራም ሻጭ ቲቪ በአውቶቡስ ወይም በጭነት መኪና ይልካል። ስክሪኑ ተሰንጥቆ ቢደርስ ማን ይጠየቃል? ደንበኛው ይህን ይፈራል፣ ልክም ነው። እናንተ ካርቶኑን ፊቱ ከፍታችሁ፣ ሰክታችሁ፣ ቤቱ ወስዳችሁ፣ ገጥማችሁ ትሰጡታላችሁ። ይህንን የቴሌግራም ሻጩ አይችለውም። እናንተም የቴሌግራም ቻናል ክፈቱ። ዋጋውን ግን በግልጽ ጻፉት። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለው ነገር ሰው ያሰለቻል፤ ዋጋውን ደብቆ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ሌላው ጋ ሄዷል። አንድ ደንበኛ የአዲስ አበባ ዋጋ ይዞ ቢመጣ ሞዴሉ አንድ ዓይነት መሆኑን፣ ዋስትናና ደረሰኝ ያለው መሆኑን፣ የማጓጓዣው ተደምሮ መሆኑን አይታችሁ አስተካክሉለት። ብዙ ጊዜ ልዩነቱ ይጠፋል።

አሁን ወደ ከተሞቹ ልምጣ። ሦስቱ አንድ ዓይነት አይደሉም።

ሐይቅ ላይ አትክፈቱ። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሐይቅ ሰው ጨው ሊገዛ ደሴ አይመጣም፤ ፍሪጅ ሲገዛ ግን ይመጣል። ትልቅ ዕቃ የሚገዛ ሰው አምስት ስድስት ሱቅ ዞሮ ማወዳደር ይፈልጋል፣ ያ ደግሞ ያለው ደሴ ነው። እሱን የሚይዘው ነፃ ማድረሻ ነው። ኪራይ ከምትከፍሉ በሳምንት ሁለት ቀን ወደ ሐይቅ የሚሄድ ሚኒ ጭነት ተነጋገሩ።

ወልዲያ የራሱ ገበያ ነው። ከደሴ 120 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይርቃል፣ የራሱ ነጋዴ አለው፣ ከዚያ በላይ ያለውን አገር ጭምር ይመግባል። ሊያዋጣ ይችላል። ግን በዚያ ርቀት ያለን ሱቅ በስልክ ማስተዳደር አይቻልም። አንድ የጎደለ ሞባይል ለመፈለግ ሙሉ ቀን መንገድ ላይ ይጠፋል። ለጊዜው ተዉት።

የሚቀረው ኮምቦልቻ ነው፣ እሱንም እናንተ ባሰባችሁት መንገድ አይደለም። ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ነው። ከቆዩት ፋብሪካዎች ላይ በ2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተጨምሯል፤ በየወሩ ደመወዝ የሚቀበል ሰው አለ። እዚያ ላይ ሙሉ ሱቅ አትክፈቱ። አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራዩ። ማሳያ የሚሆኑ ጥቂት ዕቃዎች፣ የአክሰሰሪ መደርደሪያ፣ አንድ የጥገና ጠረጴዛ ይኑራት። ደንበኛው ያያል፣ ቀብድ ይከፍላል፣ ዕቃው ከደሴ በማግሥቱ ይደርሰዋል። ክምችቱ አንድ ቦታ ስለሆነ ገንዘባችሁ ሁለት ቦታ አይተኛም። ይህን ከራሳችሁ ትርፍ ማድረግ ትችላላችሁ፤ ብድር አያስፈልገውም።

ጥገናውን ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙት። ቤስት ባይ እ.ኤ.አ. በ2002 ጊክ ስኳድ የተባለ ትንሽ የኮምፒውተር ጥገና ድርጅት ገዝቶ ሱቆቹ ውስጥ አስገባው። ደንበኛው ከግዢ በኋላም ተመልሶ የሚመጣበት አንዱ ምክንያት እሱ ነው። ደሴ ላይ ቲቪ የሚጠግን ሰው አይጠፋም። ጥሩውን ፈልጉና ደመወዝ ከፍላችሁ አስቀምጡት። የባክላይት (የስክሪን መብራት) መስመር፣ የፓወር ቦርድ፣ የፍሪጅ ቴርሞስታት የመሳሰሉ በተደጋጋሚ የሚበላሹ መለዋወጫዎችን አስቀድማችሁ ያዙ። ደንበኛ «ከእነሱ ከገዛህ ይሠሩልሃል» ማለት ሲጀምር በሺህ ብር ልዩነት ሌላ ሱቅ አይሄድም።

ዋስትና ላይ ግን ተጠንቀቁ። የምትሰጡትን በጽሑፍ አድርጉ፤ ምን ይሸፈናል፣ ምን አይሸፈንም፣ ስንት ወር ነው። የመብራት መጨመር ያቃጠለው ይካተታል ወይስ አይካተትም? ጠብ የሚነሳው ሁልጊዜ እዚህ ላይ ነው። ደረሰኝ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ብሎ ማተም ከሕግ አያድናችሁም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ተጨማሪ ገንዘብ ተቀብላችሁ «ለሦስት ዓመት የሚደርስበትን ሁሉ እንከፍላለን» እንዳትሉ። ያ የኢንሹራንስ ሥራ ወደ መሆኑ ይጠጋል፣ አቅማችሁም አይችለውም። በዓመት ሁለቴ የማጽዳትና የመፈተሽ አገልግሎት መሸጥ ግን ትችላላችሁ።

ዱቤ ሳትሰጡ አትቀሩም ብዬ አስባለሁ፤ ወሎ ላይ ያለ ዱቤ ንግድ ከባድ ነው። ሆኖም የፍሪጅ ዱቤ በራሳችሁ ገንዘብ አትስጡ። ሌላ መንገድ አለ። ወለድ የማይፈልግ ደንበኛችሁ ብዙ ነው፣ ለእሱ ሙራባሃ አለ። ባንኩ ዕቃውን ከእናንተ ገዝቶ፣ የራሱ አድርጎ፣ ትርፉን በግልጽ ተናግሮ ለደንበኛው በረጅም ጊዜ ክፍያ ይሸጥለታል። በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ዘምዘም ባንክን ጨምሮ ከወለድ ነፃ አገልግሎት የሚሰጡ ባንኮችን ቀርባችሁ አነጋግሩ፤ እናንተ ገንዘባችሁን ወዲያው ታገኛላችሁ። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ የሠራተኛ ቁጠባና ብድር ማኅበራት ጋ ሂዱ። ከዕቁብ ዳኞች ጋርም ተነጋገሩ። ዕጣ የወጣለት ሰው በዚያ ሳምንት እናንተ ጋ ቢመጣ የተወሰነ ቅናሽ ከነማድረሻው ይኑረው። ዳኛው አባላቱን ያውቃል፣ ገንዘቡም በእጅ ነው።

ወቅቱን ደግሞ አትርሱ። እዚህ አገር ፍሪጅና ቲቪ በዓመቱ ውስጥ እኩል አይሸጥም። የጥር ሠርግ አለ፣ ከፋሲካ በኋላ ያለው የሠርግ ወቅት አለ፣ አዝመራ ሲገባ ከገጠር የሚመጣው አለ። ረመዳን ሲቃረብ ፍሪጅና ጁስ መፍጫ ይፈለጋል። ከሁሉም የሚበልጠው ዓረፋ ነው። አገር ቤት የሚገባው ሰው፣ ዓረብ አገር ያለችው ልጅ ለእናቷ የምትልከው ብር፣ ሁሉም በዚያ ሰሞን ይገናኛል። ዓረፋ በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን እየቀደመ ይመጣል፤ ስለዚህ የአምናን ወር አይታችሁ አታንሱ። ከዓረፋ ስድስት ሳምንት ቀድማችሁ አንሱ፣ ከበዓሉ ማግሥት ግን መደርደሪያው ሳስቶ ይታይ። በበዓል ማግሥት የሞላ መጋዘን ለብዙ ነጋዴ የዓመቱ ኪሳራ ነው።

ሁለት ሦስት ነገር በአጭሩ። ደረሰኝ የሌለው ርካሽ ዕቃ ይቀርብላችኋል። አትንኩት፤ ከመወረሱም ሌላ ዋስትና የሚሰጣችሁ አስመጪ የለውም፣ 15 በመቶ ቫት ከፍሎ ከሚሸጥ ጋር ያላችሁን ስምም ያበላሻል። የመድን ውላችሁን አውጥታችሁ አንብቡት። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ብዙ ሱቅ ተዘርፏል፤ የተለመደው የእሳትና የስርቆት ውል ጦርነትንና ሁከትን አይሸፍንም። ለሁከት የሚሆን ተጨማሪ ሽፋን ካለ ዋጋውን ጠይቁ። በተጨማሪም በ2016 ዓ.ም. የችርቻሮ ንግድ በቅድመ ሁኔታ ለውጭ ባለሀብት ተከፍቷል። እንዲህ ያለ ድርጅት ነገ ደሴ ባይመጣም አዲስ አበባ ላይ ዋጋ ሊሰብር ይችላል። በቲቪ ዋጋ ብቻ የቆመ ሱቅ ያኔ የሚይዘው የለውም፤ ጥገናና ገጠማ ያለው ሱቅ ግን ይቆማል።

ወልዲያን መቼ እናስብ ብትሉኝ፣ ሦስት ነገሮች በደብተር ላይ ሲታዩ ነው። አንደኛ፣ የደሴው ክምችት ዓመቱን ሙሉ ቢያንስ በየሁለት ወሩ ሲዞር። ሁለተኛ፣ ከጠቅላላ ትርፋችሁ አንድ ሦስተኛው ከአክሰሰሪ፣ ከገጠማና ከጥገና ሲመጣ። ሦስተኛ፣ የኮምቦልቻዋ ክፍል ሁለታችሁም ሳትረግጧት አንድ ወር ሠርታ ቆጠራው ሳይጎድል ሲገኝ። ቆጠራውን በየሳምንቱ አድርጉ፤ ሞባይሉን በሲሪያል ቁጥሩ፣ አክሰሰሪውን በፍሬ። የሚቆጥረው ሰው ከሚሸጠው የተለየ ይሁን። ከዚህ ሦስት አንዱ እንኳ ቢጎድል ሌላ ዓመት ቆዩ፤ ሲሟላ ደግሞ ከገዛ ትርፋችሁ፣ መጀመሪያ በዚያችው በኮምቦልቻ ዓይነት ጠባብ ክፍል ጀምሩ።